ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ይቋቋማል?

የምሠራው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከግቢያችን በእግር ይደረሳል፤ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ለወጣ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉለት። ይህን የሚያይ ሰው በመሀል ከተማ የሚማር ልጅ መረጃ አያጣም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ተማሪው ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ባለች ሩብ ሰዓት፣ ወይም ከትምህርት በኋላ ታክሲ ለመያዝ ከመሰለፉ በፊት ስለሆነ፣ በዚያች ጊዜ ያላገኘውን ነገር ብዙውን ጊዜ ሳያገኘው ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ አንድ የባዮሎጂ ገጽ በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ስታነብ አየኋት። ገጹን ጓደኛዋ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የላከችላት ሲሆን፣ ፓኬጇ በመሀል ስላለቀ ምስሉ ሳይጠራ ደብዝዞ ቀርቶባታል፤ እሷም የሚነበበውን ትጽፍና የማይነበበውን በግምት ትሞላ ነበር። የመጽሐፉ ሙሉ ፒዲኤፍ ግን በዚያው ሕንፃ፣ ከተቀመጠችበት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ነበር። ሥራውን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በአንድ የዋይፋይ ራውተርና በአንድ ሐርድ ዲስክ አማካይነት፣ የኢንተርኔት መስመር ሳያስፈልግ፣ በንባብ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር በነጻ የሚያነበው ስብስብ የሚዘጋጅበትን አሠራር ነው።

1. ከዕቃ ግዥ በፊት ጥያቄዎችን ይመዝግቡ

አንድ ተራ ደብተር በመጽሐፍ ማዋሻ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ሽፋኑ ላይ «ተጠይቆ ያልተገኘ» ብለው ይጻፉበት። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ተማሪም ይሁን መምህር የጠየቀውንና እርስዎ ሊሰጡት ያልቻሉትን ነገር ሁሉ፣ ሰውዬው በተናገረበት ቃል ይመዝግቡ። ቃሉን ማስተካከል አያስፈልግም፤ እንዲያውም በኋላ ካታሎጉን ስንሠራ የምንፈልገው ሰዎች በእርግጥ የሚጠሩበትን ስም ነው። በእኛ ደብተር ላይ ተደጋግሞ የተገኘው ያለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ሥዕል ያለው የባዮሎጂ ማብራሪያ፣ የፊዚክስ ወርክሺት ከነመልሱ፣ የአማርኛ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ እንዲሁም አንድ ያልጠበቅነው ጥያቄ ነበር፤ እሱም ማውዝ ይዞ መለማመድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የማያውቅ ተማሪ የሚያውቀውን ትምህርት በዕቃው ምክንያት እንዳያጣው መሥጋቱ ተገቢ ነው።

በዚሁ ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስለ ስልክ ይነጋገሩ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክል ከሆነ፣ ክልከላው በንባብ ክፍሉ ውስጥ በምን ሁኔታ እንደሚነሣ በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ አለዚያ ስብስቡ ተዘጋጅቶ የሚከፍተው ሰው ይጠፋል። ስልክ በፍጹም የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን በአራት ወይም በአምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ይመሥርቱ። ኮምፒውተሮቹ የሚፈለጉት ድረ ገጽ ለመክፈት ብቻ ስለሆነ ደካሞች ቢሆኑም ያገለግላሉ።

2. ዕቃውን ይምረጡ፣ ከመክፈልዎም በፊት ይፈትሹ

ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚመክሩት ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን፣ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ይህ ዕቃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አይፈጅም፤ ድምፅም የለውም። እኔ ግን በእኛ ሁኔታ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቴም አንድ ነው፤ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓይው ወዲያው ይሞታል፤ ይህም በተደጋገመ ቁጥር ፋይሎቹ የተጻፉበት ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ ግን ባትሪው ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንኳ የሚይዝ ቢሆን፣ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ሌላው ጥቅሙ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በየሰፈሩ መገኘቱ ነው።

ሲገዙ ሻጩ ፊት ባትሪውን ነቅለው ሳይሆን ቻርጀሩን ነቅለው ሃያ ደቂቃ ያሠሩት። ቬንትሌተሩ ሳያቋርጥ ቢጮህ ወይም ሥሩ እጅ እስኪያቃጥል ቢግል ይተዉት፤ ይህ ዕቃ በቀን ስምንት ሰዓት እንደሚበራ አይርሱ። ራም 4 ጊጋባይት ካለው ይበቃል፤ 8 ቢሆን መልካም ነው። ለመጻሕፍቱና ለቪዲዮዎቹ ማስቀመጫ 1 ቴራባይት ውጫዊ ሐርድ ዲስክ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ያስፈልጋል። በጀቱ አንድ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የራውተሩን ደረጃ ዝቅ አድርገው ሁለተኛውን ዲስክ ይግዙ እንጂ መጠባበቂያውን አይተዉ።

ስለ ማከማቻ ዕቃ የደረሰብኝን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት 256 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ሚሞሪ ካርድ ከአንድ ሱቅ በቅናሽ ገዛሁ። ካርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 256 ብሎ ያሳያል፤ ፋይልም ሲቀዳበት ምንም አያማርርም። የተቀዳውን መክፈት ስጀምር ግን ከመጀመሪያዎቹ 32 ጊጋባይት በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር፤ የአንድ ሳምንት ድካሜም ጠፋ። ስለዚህ ማንኛውንም ካርድ ወይም ፍላሽ ከመጠቀምዎ በፊት በዊንዶውስ ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ፣ በሊኑክስ ላይ ኤፍ ስሪ በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይፈትሹት። እነዚህ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ ጫፉ ይሞሉትና የጻፉትን መልሰው በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይናገራሉ። ፈተናው ሰዓታት ይወስዳል፤ ሌሊቱን ትቶት ማደር ነው።

ዲስኩ በፋት 32 አሠራር የተዘጋጀ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ በኋላ የምናወርዳቸው ትልልቅ ፋይሎች መጨረሻቸው ላይ ደርሰው ይከሽፋሉ። ኤክስፋት ወይም ኤን ቲ ኤፍ ኤስ አድርገው ፎርማት ያድርጉት።

ለራውተር ማንኛውም የቤት ዋይፋይ ራውተር ይሆናል፤ ሲም ካርድም ሆነ የቴሌ መስመር አይፈልግም። ሁሉንም ዕቃ የሚሰኩበትን ዲቫይደር ግን ጠንካራ ይምረጡ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ስለሚያቃጥል ስታብላይዘር ቢጨመርበት ይመረጣል።

3. ይዘቱን ጥሩ መስመር ካለበት ቦታ ያውርዱ

ማውረድ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ደካማ መስመር ላይ ከመሟገት ይልቅ ላፕቶፑንና ዲስኩን ይዞ ፈጣን መስመር ወዳለው መሥሪያ ቤት ወይም ቤት መሄድ ይሻላል። አስቀድመው ሒሳቡን ይሥሩ፤ 100 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ላይ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ ወደ 11 ሰዓት ይፈጃል። ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ከሌለዎት አይጀምሩት።

ዋናው መሣሪያችን ኪዊክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ይህ ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሰሉ ሙሉ ድረ ገጾችን ዚም በሚባል አንድ የታመቀ ፋይል ውስጥ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡና እንዲፈለጉ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነምስሎቹ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ያለ ምስል የተዘጋጀው ቅጂ ግማሹን ያህል ነው። የእኔ ምክር፣ ዲስኩ ከቻለ ምስል ያለውን መውሰድ ነው፤ የልብን አሠራር ወይም የስምጥ ሸለቆን አፈጣጠር ለሚያጠና ተማሪ ሥዕሉ ከጽሑፉ አያንስም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ ያህል መጣጥፎች ብቻ ስላሉት ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት በታች ነው። ብዙዎቹ መጣጥፎች አጫጭር ናቸው፤ ቢሆንም ተማሪዎች በቋንቋቸው የተጻፈውን መጀመሪያ ስለሚከፍቱ ከገጹ አናት ላይ ያኑሩት። ከዚህ ሌላ ለጤና ክበብ የሚሆነውን የሕክምና ዊኪፔዲያ፣ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ዊክሽነሪን እና ፌት የተባሉትን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎች ይጨምሩ። የፌት ማሳያዎች መጠናቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪው ሽቦ፣ አምፖልና ባትሪ በማያ ገጹ ላይ አገናኝቶ የሚሆነውን ያያል።

ሁለተኛው መሣሪያ ኮሊብሪ ነው። ይህኛው የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በየርዕሱ ያቀርባል፤ መምህሩም ክፍል አቋቁሞ ፈተና ሊሰጥበትና የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት ሊያይበት ይችላል። ካን አካዳሚ ከተባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ የተወሰዱት የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ለሚሰጥበት ከ9ኛ ክፍል በላይ ላለው ይስማማሉ። ሁሉንም አያውርዱ፤ ቪዲዮ ቦታ ይፈጃል። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችን ጠርተው ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፎች ጋር የሚሄዱትን ርዕሶች ብቻ ያስመርጡ። በአቅራቢያዎ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ኮሊብሪ ካለው ደግሞ ይዘቱን በዲስክ ቀድተው መውሰድ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ለዚህ የሚሆን የመላኪያና የማስገቢያ ምናሌ አለው።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ተማሪዎች ግን የመጀመሪያው፣ የራሳችን ይዘት ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴርና የከተማው ትምህርት ቢሮ ያዘጋጇቸው የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ መምህራኑ ያዘጋጇቸው ማስታወሻዎች፣ ሞዴል ፈተናዎችና ወርክሺቶች። በሁለት ሳምንቱ ደብተር ላይ የተመዘገበውን ከፍተው አንድ በአንድ እየሰረዙ ይሰብስቡ።

4. አገልጋዩን ይትከሉ

አገልጋይ (ሰርቨር) የምለው ይዘቱን ለስልኮቹ የሚያቀርበውን ላፕቶፕ ነው። ኪዊክስንና ኮሊብሪን በላፕቶፑ ላይ ይጫኑ። ኪዊክስ ውስጥ ከምናሌው የአካባቢ አገልጋይ የሚለውን ሲያስጀምሩ ፕሮግራሙ በዋይፋዩ ላይ ላሉት ስልኮች ሁሉ ገጾቹን ማቅረብ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች 8080 የተባለውን በር (ፖርት) መጠቀም ስለሚፈልጉ፣ ቀድሞ የተነሣው ሲይዘው ሌላው አይነሣም። የኪዊክስን ወደ 8081 ይቀይሩት። ዊንዶውስ ፕሮግራሙ በኔትዎርኩ ላይ እንዲሠራ ይፈቀድለት ወይ ብሎ ሲጠይቅም ይፍቀዱ፤ ካልፈቀዱ በላፕቶፑ ላይ የሚከፈተው ገጽ በስልክ ላይ አይከፈትም።

ከዚያ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይግቡና ለላፕቶፑ የማይለወጥ አድራሻ ይመድቡ፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። ተማሪው ኪዊክስን ለመክፈት 192.168.1.10:8081፣ ኮሊብሪን ለመክፈት 192.168.1.10:8080 ብሎ ይጽፋል። ይህን ካላደረጉ ራውተሩ በየጊዜው የተለየ አድራሻ ሊያድለው ስለሚችል፣ ግድግዳ ላይ የለጠፉት ወረቀት አንድ ቀን ጠዋት ዋጋ ያጣል። ዋይፋዩን ለእንግዶች ተብሎ በሚዘጋጀው መስመር ላይ አያድርጉት፤ ያ መስመር ስልኮቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከላፕቶፑ ጋር እንዳይገናኙ ይከለክላል። በመጨረሻም ላፕቶፑ እንዳይተኛ፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይጠፋ፣ ሲበራም ሁለቱ ፕሮግራሞች በራሳቸው እንዲነሡ አድርገው ያስተካክሉ።

በስልኮች ላይ የሚገጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ኢንተርኔት እንደሌለው ያውቅና ሳይናገር ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል፤ ተማሪውም ገጹ እምቢ አለኝ ብሎ ይሄዳል። እኛ ይህን እስክንረዳ ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ ራውተሩን ስንነቅልና ስንሰካ ነበር። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ተማሪው ዳታውን እንዲያጠፋ፣ ስልኩም «ኢንተርኔት የለም፤ ይቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ ይቀጥል እንዲል መንገር። ይህን በትልቅ ፊደል ጽፈው፣ ከአድራሻውና በካሜራ ከሚነበብ ኪውአር ኮድ ጋር፣ ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ይለጥፉ።

5. ተማሪው በሚጽፈው አማርኛ እንዲገኝ ያድርጉ

አብዛኛው መመሪያ ከላይ ባለው ላይ ያበቃል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ በዚህ ደረጃ ላይ እንዲያጠፉ እለምናለሁ፤ የተከማቸ ሁሉ የተገኘ አይደለምና። ከተከፈትን ከአንድ ወር በኋላ የአማርኛ መምህራችን መጡና «ስለ ስነ ፅሁፍ ምንም የላችሁም» አሉኝ። ሲፈልጉ ያዩት ውጤት ባዶ ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ አራት ፋይሎችን «ሥነ ጽሑፍ» ብዬ አስገብቼ ነበር። ለእኛ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ ቢመሳሰሉም ለማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተለያይቶ የተጻፈውና ቤተመጻሕፍት ተብሎ የተገጠመውም እንዲሁ አይገናኙም።

ስለዚህ የሚከተለውን ይለማመዱ። ርዕሱን መጽሐፉ ራሱ እንደጻፈው ይመዝግቡ፤ አይንኩት። ከጎኑ ግን «የመፈለጊያ ቃላት» የሚል ዓምድ ይክፈቱና እዚያ ውስጥ ሁሉንም ፊደላት ወደ አንድ ወገን መልሰው፣ ማለትም ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ተክተው፣ ርዕሱን ደግመው ይጻፉ። በዚያው ዓምድ ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን ሌሎች አጻጻፎችና ከደብተሩ የተገኙትን የተለመዱ መጠሪያዎች ይጨምሩ። ተማሪው «ማትሪክ» ብሎ የሚፈልገውን እኛ «የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና» ብለን ብቻ ብናስገባ አያገኘውም።

የደራሲያን ስም ሌላው መሰናክል ነው። ከውጭ የመጡ የካታሎግ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ወደ ፊት ያመጡታል፤ በዚህም ምክንያት አበበ ተሰማ የተባለ ደራሲ «ተሰማ፣ አበበ» ተብሎ በአባቱ ስም ይቀመጣል። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ስለሆነ መዝገቡም በራሱ ስም ይጀምር። ኮሃ የተባለውን ነጻ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ማርክ 21 በተባለው የቤተ መጻሕፍት አመዘጋገብ ሥርዓት የደራሲው ስም በሚገባበት 100ኛው መስክ የመጀመሪያው አመልካች 1 ሳይሆን 0 መሆን አለበት፤ 0 ማለት ስሙ በራስ ስም ይጀምራል ማለት ነው። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ብላታ፣ ቀኛዝማች የመሳሰሉት ማዕረጎች ከስሙ ፊት አይግቡ፤ አለዚያ ዶክተሮች ሁሉ በደ ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ።

ዓመተ ምሕረትን በሚመለከት፣ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ከነመለያው ይጻፉ። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሆነ፣ ወር ሳያውቁ መቀየር ስሕተት ያመጣል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ከተለየ ማንም አይሳሳትም።

ኮሃን ካነሣሁ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በኒውዚላንድ ሥራ ላይ የዋለ፣ በብዙ አገሮች የተመሰከረለት ፕሮግራም ነው። ይሁንና ከሦስትና አራት ሺህ መጻሕፍት በታች ላለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ በኤክሴል መዝገብ መሥራት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ዓምዶቹ በሥርዓት ከተያዙ በኋላ ላይ ወደ ኮሃ ማዛወር ይቻላል። የፋይል ስም ሲሰጡም ክፍሉን በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ «09-ባዮሎጂ-2015» ካልተባለ 9ኛ ክፍል ከ12ኛ በኋላ ይመጣል።

የቆዩ ጽሑፎችን ሲሰበስቡ ደግሞ የፊደሉን ዓይነት ይመርምሩ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ወደሚያውቁበት መስፈርት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ የራሳቸው አሠራር ባላቸው ፊደላት ብዙ ተጽፏል። መለያው ቀላል ነው፤ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው፤ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆኖ ከወጣ ግን ፋይሉ በዓይን ይነበባል እንጂ በፍለጋ አይገኝም። እንዲህ ያለውን፣ እንዲሁም በስካነር የተነሣውን፣ አማርኛ በሚያነበው ቴሰራክት በተባለ ነጻ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ መለወጥ ይቻላል። ገጹ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ቀጥ ብሎ የተነሣ ይሁን። የሚወጣው ጽሑፍ ስሕተት አያጣውም፤ ለፍለጋ ግን ያገለግላል። ለአንባቢው የሚቀርበው ዋናው ምስል ስለሆነ ስሕተቱ ማንንም አያሳስትም።

6. የባለቤቶችንና የአንባቢዎችን መብት ይጠብቁ

በቴሌግራም የሚዞሩትን የአማርኛ ልቦለዶች ፒዲኤፍ አምጥቶ እንዲጭንልዎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይቀበሉት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ አዋጁ ለቤተ መጻሕፍት የሚፈቅደው የተወሰነ ማባዛትም አንድን አዲስ መጽሐፍ ለሁሉም መበተንን አይጨምርም። በመጽሐፍ የሚተዳደር ሰው በከተማችን ጥቂት ነው፤ ያሉትን ማዳከም የለብንም። ደራሲውን አግኝቶ በጽሑፍ ማስፈቀድ ግን ይቻላል፤ እኛ ከጠየቅናቸው አንዳንዶቹ በደስታ ፈቅደውልናል።

አንባቢዎቹን በተመለከተ፣ ማን ምን እንዳነበበ የሚያሳይ መዝገብ አይያዙ። በኮሊብሪ ለክፍል ሥራ የሚከፈተው አካውንት የተማሪውን ስምና ክፍል ብቻ ይያዝ፤ የስልክ ቁጥርና አድራሻ አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ሕጋዊ ግዴታ የሚያስከትል ነገር ሆኗል።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ የማያ ገጽ አንባቢ ይጫኑና የጆሮ ማዳመጫ ያስቀምጡ። አብሮት የሚመጣው የድምፅ ሞተር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም ይለመዳል። የሚያነበው ግን ጽሑፍን እንጂ ምስልን ስላልሆነ፣ በቴሰራክት የተለወጡት ፋይሎች እዚህ ላይ ጥቅማቸው እጥፍ ይሆናል።

7. ይክፈቱ፣ ያሠልጥኑ፣ ያድሱ

በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም ሰው አይክፈቱት። ከአይሲቲ ክበብ ስምንት ተማሪዎችን መርጠው ያሠልጥኑና ሌሎቹን እነሱ እንዲያሠለጥኑ ያድርጉ፤ ተማሪ ከተማሪ ሲማር የማያውቀውን ለመጠየቅ አያፍርም። መምህራኑን ግን እርስዎ ራስዎ በየትምህርት ክፍሉ ያግኟቸው። አንድ መምህር «ነገ 192.168.1.10:8081 ላይ ገብታችሁ ሦስተኛውን ማሳያ ሠርታችሁ ኑ» ያለ ዕለት የንባብ ክፍሉ ይሞላል፤ መምህሩ ካልጠራው ግን ማስታወቂያ ብቻውን ሰው አያመጣም። የቤት ውስጥ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ በሚደርሱ ስልኮች ላይ መዘግየት ስለሚጀምር፣ ቪዲዮ የሚያዩትን በአንድ ስልክ ሁለት ሁለት ያስቀምጧቸው።

ይዘቱን በዓመት ሁለት ጊዜ ያድሱ፤ በየካቲት ዕረፍትና በክረምት። «ተጠይቆ ያልተገኘ» የሚለው ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አይነሣ፤ የሚቀጥለው ማውረጃ ዝርዝር እሱ ነው። በእድሳቱ ዕለት አሮጌውን ፋይል ከማጥፋትዎ በፊት አዲሱ በስልክ ላይ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ሁሉንም ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይቅዱ። ያ ዲስክ በሌላ ክፍል፣ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የቀረው የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። በአንድ ወቅት ሥራውን የሚያውቀው ባልደረባችን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር የራውተሩን የይለፍ ቃል ሳይነግረን ስለሄደ፣ አግኝተን እስክንጠይቀው ድረስ ለሦስት ሳምንት ምንም ማስተካከል አልቻልንም። አሁን የላፕቶፑ፣ የራውተሩና የኮሊብሪው የይለፍ ቃሎች፣ ላፕቶፑ ሲበራ የሚከናወኑት ሥራዎች ቅደም ተከተል፣ የዲስኮቹ መለያና የመጨረሻው እድሳት ቀን በአንድ ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፈው፣ በታሸገ ፖስታ በርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እድሳት በተደረገ ቁጥርም ወረቀቱ ይቀየራል።